ከሄፓታይተስ ታካሚዎች የውጤት ወረቀት ላይ የቀረው ስሌት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቁት «የጉበት ምርመራ ያድርጉ» በሚል ምክር ነው። ምክሩ አይነቀፍም። ነገር ግን አንባቢው ተመርምሮ የውጤት ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ የሚነግረው የለም። ቫይረሱ ለዓመታት በጉበቱ ላይ ምን ያህል ጠባሳ እንዳስቀረ ለመገመት የሚያስፈልጉት አራት ቁጥሮች፣ ማለትም ዕድሜ፣ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የተባሉት ሁለት ኤንዛይሞች፣ እና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል)፣ በአብዛኛው ታካሚ ካርድ ውስጥ አስቀድመው ተጽፈው ይገኛሉ። የጎደለው ስሌቱ ነው። ስሌቱ በሚሠራበት ቦታ ደግሞ የወጣው ቁጥር ያለ ጥያቄ እንደ ብይን ይወሰዳል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ታካሚው ነው።

የጠባሳው መጠን መታወቅ ያለበት ሕክምናው በእሱ ላይ ስለሚመሠረት ነው። ሐኪሞች ጠባሳውን ከኤፍ-0 እስከ ኤፍ-4 ይከፍሉታል። ኤፍ-0 ጠባሳ የሌለበት፣ ኤፍ-2 ትርጉም ያለው ጠባሳ የጀመረበት፣ ኤፍ-4 ደግሞ ሲሮሲስ የምንለው፣ ጉበቱ ተቋጥሮና ጠንክሮ ቅርፁን የለወጠበት ደረጃ ነው። ከኤፍ-0 እስከ ኤፍ-3 ያለው መንገድ ሕመም የለውም፤ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ትርጉም ያለው ጠባሳ መኖሩ ብቻውን መድኃኒት ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው። ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው ደግሞ ዛሬ ባሉት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ሆኖም ሲሮሲስ ላይ ደርሶ ከነበረ ቫይረሱ ከጠፋም በኋላ የጉበት ካንሰር ክትትሉ አይቋረጥም።

ድሮ ይህንን ለማወቅ የነበረው መንገድ ባዮፕሲ ነበር፤ በረጅም መርፌ ከጉበት ቀጭን ቁራጭ አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት። ዛሬም ምርመራው አስፈላጊ የሚሆንባቸው ታካሚዎች አሉ። ነገር ግን የሚወጣው ቁራጭ ከጠቅላላው ጉበት 50,000ኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚወክለው። ጠባሳ ደግሞ በጉበት ላይ እኩል አይሰራጭም። ሕመሙና የደም መፍሰስ አደጋው ሲጨመርበት በየዓመቱ የሚደጋገም ምርመራ ሊሆን አይችልም። በደም ምርመራ የሚሠሩት ስሌቶች የመጡት ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ደም ስለ ጠባሳ እንዴት ሊናገር ቻለ? ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ (በአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ተብለው ይጻፋሉ) የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ኤንዛይሞች ናቸው። ጠባሳው እየገፋ ሲሄድ ጉበት ኤኤስቲን ከደም የማጽዳት አቅሙ ስለሚደክም ኤኤስቲ ከኤኤልቲ አንጻር ከፍ እያለ ይመጣል። ፕላትሌት በተቃራኒው ይወርዳል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። የጠነከረ ጉበት ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣውን ደም በቀላሉ ስለማያሳልፍ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። ሁለተኛው፣ መቅኔ ፕላትሌት እንዲያመርት የሚያዘው ትሮምቦፖየቲን የተባለው ሆርሞን በዋናነት የሚሠራው ጉበት ውስጥ ስለሆነ ጉበት ሲደክም ትእዛዙም ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ ኤኤስቲን፣ ከታች ፕላትሌትን አድርጎ ማካፈል ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ላይ ያጎላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ኤፕሪ የተባለው ስሌት ይኸው ነው። የታካሚው ኤኤስቲ በላቦራቶሪው የኤኤስቲ መደበኛ መጠን የላይኛ ጣሪያ ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ ከዚያ በፕላትሌት ቁጥር ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ፊብ-4 ደግሞ ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዛል፤ ያንን ፕላትሌት በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍላል። በሁለቱም ፕላትሌት የሚገባው በሺህ ተቆጥሮ ነው፤ ወረቀቱ 180,000 ካለ ስሌቱ ውስጥ የሚጻፈው 180 ነው። ሙሉውን ቁጥር ያስገባ ሰው ከዜሮ የማይለይ ውጤት አግኝቶ ጉበቱ ደህና ነው ብሎ ያርፋል። ይህ ስህተት የሚመስለውን ያህል ብርቅ አይደለም።

አሁን አንድ ወረቀት በቅርብ እንይ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት የ44 ዓመት ሰው ነው፤ ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕላትሌት 180 ሺህ። የላቦራቶሪው ጣሪያ ለሁለቱም ኤንዛይሞች 40 ነው፤ የፕላትሌት መደበኛ መጠን ከ150 እስከ 450 ሺህ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድም «ከፍ ያለ» ወይም «ዝቅ ያለ» የሚል ምልክት የለም። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ይሸኛል። እስቲ እናስላው። 38ን ለ40 ስናካፍል 0.95፣ በ100 ሲባዛ 95፣ ለ180 ሲካፈል ኤፕሪው 0.53 ይሆናል። ፊብ-4ን ብናሰላ 44 በ38 ሲባዛ 1,672፤ የ36 ስኩዌር ሩት 6፣ በ180 ሲባዛ 1,080፤ ውጤቱ 1.55።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ኤፕሪ ከ0.5 ሲበልጥ ትርጉም ያለው ጠባሳ እንዳለ ተቆጥሮ ሕክምና እንዲጀመር ይመክራል፤ የቫይረሱ መጠንና ኤኤልቲው ምንም ይሁን ምን። ከ1 ሲበልጥ ደግሞ ሲሮሲስ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ «ሁሉም ደህና ነው» የተባለው ሰው መድኃኒት መጀመር የሚገባው ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ መመሪያ ለሲሮሲስ የተቀመጠው ወሰን 2 ነበር። ያ ወሰን ሲሮሲስ የሌለበትን ሰው አለበት ከማለት ይጠብቃል፤ በአንጻሩ ሲሮሲስ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች ሳያያቸው ያልፍ ነበር። አሁንም 2ን ይዘው የሚሠሩ ክሊኒኮች ካሉ ግድግዳቸው ላይ የለጠፉትን ሰንጠረዥ ቢቀይሩት ጥሩ ነው።

ፊብ-4 በሄፓታይተስ ሲ ላይ የሚነበበው በሁለት ወሰን ነው። ከ1.45 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ3.25 በላይ ከሆነ ዕድሉ ትልቅ ነው። በመካከሉ ያለው ቁጥር «አለ»ም «የለም»ም አይልም። ይህንን መካከለኛ ቦታ ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ እኔ ግን የስሌቱ ሐቀኛ ክፍል ይመስለኛል። ችግሩ መካከለኛው ቁጥር «ትንሽ ጠባሳ አለ» ተብሎ ሲተረጎም ነው። ትርጉሙ «በሌላ መሣሪያ እይ» ነው።

ወደዚያው ወረቀት እንመለስና ስሌቱ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ እንመልከት። ኤፕሪ ውስጥ ያለው የላቦራቶሪ ጣሪያ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ላቦራቶሪ 40 ይላል፣ ሌላው 32፣ ሌላው 45። ልዩነቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ መሣሪያው፣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያ ኬሚካሉ)፣ ማጣቀሻ ሆነው የተወሰዱት ሰዎች፣ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነትም አለበት። አንዳንዱ ሪኤጀንት ኤንዛይሙ ሙሉ ለሙሉ እንዲሠራ የሚረዳው ፒሪዶክሳል ፎስፌት የተባለ የቫይታሚን ቢ-6 ዓይነት ይጨመርበታል፣ አንዳንዱ አይጨመርበትም፤ ያልተጨመረበት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ያው ሰው፣ ያው 38 ኤኤስቲ፣ ጣሪያው 32 ሲሆን ኤፕሪው 0.66 ይወጣል፤ ጣሪያው 45 ሲሆን 0.47። በመጨረሻው ስሌት ከሕክምና ወሰኑ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ጉበቱ ግን ያው ጉበት ነው። ስለዚህ ኤኤስቲውን ከአንድ ላቦራቶሪ፣ ጣሪያውን ከመጽሐፍ ወይም ከስልክ መተግበሪያ መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው። መተግበሪያዎቹ ብዙ ጊዜ 40ን አስቀድመው ሞልተው ይጠብቃሉ፤ በራሱ በውጤት ወረቀቱ ላይ ባለው ጣሪያ መቀየር አለበት።

ከሁሉ በላይ ሊቆይበት የሚገባው ግን ፕላትሌት ነው፤ በእኔ ግምት የውሸት ከፍተኛ ውጤት ዋናው በር እሱ ነው። ፕላትሌት የሚቆጠረው ወይን ጠጅ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል በተጨመረበት ቱቦ በተቀዳ ደም ነው። በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ኢዲቲኤው ራሱ ፕላትሌቶች እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር ይብሳል። ማሽኑ የተጣበቀውን ጥቅል እንደ አንድ ይቆጥረዋል ወይም ጨርሶ ይተወዋል። የኛው ሰው 180 ሺህ ፕላትሌት በዚህ ምክንያት 90 ሺህ ሆኖ ቢታተም ኤፕሪው 1.06፣ ፊብ-4ቱ 3.1 ይሆናል። ሲሮሲስ የሌለበት ሰው በአንድ ቱቦ ምክንያት ሲሮሲስ አለብህ ሊባል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፕላትሌቱ ሳይጠበቅ ከወረደ ወይም ማሽኑ የመጣበቅ ምልክት ካሳየ ስሚር (በመስታወት ላይ ስስ ተደርጎ የተቀባ ደም) ሠርቶ ጠርዞቹን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጥቅሎች ከታዩ ሲትሬት የተባለ ሌላ የመርጋት መከላከያ ፈሳሽ ባለበት ቱቦ እንደገና ተቀድቶ ቶሎ ይቆጠራል፤ በዚህ ቱቦ ውስጥ 9 እጅ ደም ከ1 እጅ ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል የወጣው ቁጥር በ1.1 መባዛት አለበት። ይህቺ ማባዛት ስትረሳ ቁጥሩ እንደገና ያንሳል።

አቀዳዱም ራሱ ያበላሻል። መርፌው ሥሩን ፈልጎ ሲንከራተት ደሙ በዝግታ ይወርድና መርጋት ይጀምራል፤ ቱቦው ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ካልተገለባበጠ ትንንሽ የረጋ ደም ፕላትሌቶቹን ይበላቸዋል። በጉልበት የተሳበ ወይም በኃይል የተናወጠ ደም ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ። በቀይ ሴል ውስጥ ኤኤስቲ አለ፤ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቀላ ብሎ ከታየ ኤኤስቲው ከጉበት ብቻ የመጣ አይደለም። በኛ ሰው ላይ 38ቱ 57 ቢሆን ኤፕሪው 0.79 ይደርሳል። የቀላ ሴረም ላይ ስሌት አይሠራም፤ እንደገና ይቀዳል።

ናሙናው ንጹሕ ሆኖም ፕላትሌት በሌላ ምክንያት ሊወርድ ይችላል። ወባ፣ ኤችአይቪ፣ ሰውነት የራሱን ፕላትሌት የሚያጠቃበት ሕመም፣ እርግዝና፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ሁሉ ዝቅ ያደርጉታል። ቢልሃርዚያ ለብቻው መነሣት አለበት። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል እንቁላሎች ወደ ጉበት የሚገቡትን ሥሮች ዘግተው ግፊቱን ይጨምራሉ፤ ጣፊያው በጣም ያብጣል፣ ፕላትሌቱ ይወርዳል፣ የጉበቱ ሴሎች ግን ብዙም አልተጎዱም። ስሌቱ ይህንን ከሲሮሲስ መለየት አይችልም። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያታልሉም አሉ። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ፕላትሌቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ በጣም ያነሱ ቀይ ሴሎችን ማሽኑ ፕላትሌት ብሎ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ፕላትሌቱ ብዙ ይሆናል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ዝቅ ያለ ኤፕሪ የሚያስደስት ዜና አይደለም።

ኤኤስቲም የጉበት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻና ልብ ውስጥም አለ። ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ስፖርት በሠራ ሰው ላይ ለቀናት ከፍ ሊል ይችላል። አልኮል ከኤኤልቲ ይልቅ ኤኤስቲን ያንራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኤንዛይሞቹ በመድኃኒቱ ምክንያት ሊወጡ ይችላሉ። ሄፓታይተስ ቢ ራሱ አንዳንዴ ድንገት ይነሣል፤ ያን ጊዜ ኤኤስቲ 400 ቢሆን ኤፕሪው 5.6 ይወጣል፤ ጉበቱ ላይ ግን አንድም ጠባሳ ላይኖር ይችላል። እየተቃጠለ ባለ ጉበት ላይ ጠባሳ አይለካም፤ ኤንዛይሙ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ይህ ሲባል ሕክምናው ይጠብቅ ማለት አይደለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የደም መርጋት ምርመራው የተዛባ ወይም ግራ የሚጋባ ታካሚ ዛሬውኑ ሐኪም ማየት ያለበት ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው።

ዕድሜ የፊብ-4 ጉዳይ ብቻ ነው፤ ጫናው ግን ከባድ ነው። የኛን ሰው ሦስት ቁጥሮች ሳንነካ ዕድሜውን 25 ብናደርገው ፊብ-4 0.88 ይሆናል፤ 70 ብናደርገው 2.46። ከ35 ዓመት በታች ባሉት ላይ ስሌቱ አይታመንም፤ ከ65 በላይ ባሉት ላይ ደግሞ ጤነኛውንም ያስጠረጥራል። ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ጊዜ በወሊድና በሕፃንነት የሚተላለፍ በመሆኑ በ30 ዓመቱ ሲሮሲስ ላይ የሚደርስ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ወጣት በዝቅተኛ ፊብ-4 ማሰናበት አደገኛ ነው። ለሄፓታይተስ ቢ ኤፕሪን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ቫይረሱ ሲታፈን ኤኤስቲ በወራት ውስጥ ይወርዳል። 38 የነበረው 24 ሲሆን ኤፕሪው ከ0.53 ወደ 0.33 ይወርዳል፤ ታካሚውም «ጠባሳው ጠፋ» ይባላል። የወረደው ብግነቱ፣ ማለትም የጉበቱ መቆጣት ነው። ጠባሳ ሊሟሟ ይችላል፤ ነገር ግን ዓመታት ይፈጃል። በመጀመሪያ ሲሮሲስ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ስሌቱ ስለወረደ ብቻ ከሲሮሲስ ክትትል አይወጣም፤ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቱንም አያቆምም። ለካንሰር ክትትል በየ6 ወሩ የሚደረገው አልትራሳውንድም ይቀጥላል። ሄፓታይተስ ቢ ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል መረሳት የለበትም።

በንግድ ስም የሚሸጡ ሌሎች የደም ምርመራዎችም አሉ። ፋይብሮቴስት አልፋ-2-ማክሮግሎቡሊን፣ ሃፕቶግሎቢን፣ አፖሊፖፕሮቲን ኤ-1፣ ጂጂቲ እና ቢሊሩቢንን ከዕድሜና ከጾታ ጋር ያቀናጃል፤ ቀይ ሴል በሚፈነዳበት ሕመም ወይም በተፈጥሮው ቢሊሩቢኑ ከፍ ባለ ሰው ላይ ያሳስታል። ኢኤልኤፍ ደግሞ ሃያሉሮኒክ አሲድን ጨምሮ ከጠባሳው ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ሦስት ነገሮችን ይለካል፤ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከምግብ በኋላ ስለሚጨምር ሳይበሉ መቀዳት ይሻላል። ጥሩ ምርመራዎች ናቸው፤ ነገር ግን በካርዱ ውስጥ ያለውን ኤኤስቲና ፕላትሌት ሳያሰሉ ወደ እነሱ መሮጥ ትርጉም የለውም።

ኤፕሪ ወሰኑን ሲያልፍ ቀጣዩ ጥያቄ «እውነት ነው?» የሚለው ነው። ቱቦው፣ ስሚሩ፣ ጣሪያው፣ ከላይ የተዘረዘሩት ሌሎች ሕመሞች ይጣራሉ። ፋይብሮስካን (የጉበትን ጥንካሬ ከውጭ የሚለካ መሣሪያ) በሚገኝበት ቦታ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይበላ የተለካ ውጤት ይታያል፤ ከ7 ኪሎፓስካል በላይ ትርጉም ያለው ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ ተብሎ ይወሰዳል። እሱም በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል ከስሌቱ ጋር አብሮ ሊሳሳት ይችላል። ፋይብሮስካን የለም ብሎ ሕክምና ማዘግየት ግን አይገባም፤ መመሪያው ኤፕሪን ያስቀመጠው መሣሪያው ለሌለበት ቦታ ጭምር ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ወይም ከጉሮሮ ሥር ደም ያስታወከ የሄፓታይተስ ታካሚ ደግሞ ስሌትም አያስፈልገው፤ የሲሮሲሱ ምልክት ፊት ለፊት ነው።

ለላቦራቶሪ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የኬሚስትሪና የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ውጤት በአንድ ሥርዓት የሚታተምበት ቦታ ሁሉ በሄፓታይተስ ታካሚ ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ኤፕሪ 0.53፣ የኤኤስቲ ጣሪያ 40» ተብሎ፣ ከነጣሪያው። ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ቀን የተቀዱ መሆናቸውም ይረጋገጥ። ማሽኑ የፕላትሌት መጣበቅን ካሳየ ወይም ሴረሙ ከቀላ መስመሩ ባዶ ሆኖ «እንደገና ይቀዳ» የሚል ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ